በሰው አገር መንገድ ላይ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሌላ አገር በሚቀመጥበት ጊዜ አንድ ጥያቄ በየቀኑ ይገጥመዋል። ይኸውም፦ «ከቤቴ ይዤ የመጣሁትን ዕውቀትና ልማድ ልጠብቅ፥ ወይስ የዚህን አገር ሰዎች ልምሰል?» የሚል ነው። ጥያቄው በምግብ ወይም በልብስ ላይ ሲነሣ ቀላል ነው፤ ቢሳሳቱበትም የሚታመመው ሆድ ወይም የሚያፍረው ፊት ብቻ ነው። በመኪና መንዳት ላይ ሲነሣ ግን የሰው ሕይወት ያለበት ጥያቄ ይሆናል። ስለዚህ ወጣት አንባቢዎቼ በዚህ አጭር ጽሑፍ ከእኔ ጋራ ሆነው፥ በሰው አገር መኪና መንዳትን የሚማር እንግዳ ምን ሊማር እንደሚገባው፥ ምንስ ሊማር እንደማይገባው ይመረምሩ ዘንድ እጋብዛቸዋለሁ። ነገሩ ከውጭ ሲያዩት የመሪና የፍሬን ነገር ይመስላል፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ሕግ ምን እንደ ሆነ፥ ልማድ ምን እንደ ሆነ፥ ሕሊናም ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነገር ነው።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ፥ በኋላም መምህር ሆኜ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በኢሉባቦር ነው። በመቱም በጎሬም በበደሌም አስተምሬአለሁ። ይህ አገር እንግዳን ከጥንት የለመደ አገር ነው። ባሮ ወንዝ በክረምት በሚሞላበት ጊዜ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ ድረስ ይመጡ ነበር። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1902 በተደረገው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ሥፍራ ተሰጥቷቸው፥ ያ ሥፍራ እስከ ሱዳን ነፃነት ዘመን ድረስ ቆይቷል። የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ትከሻ ቁልቁለቱን ወርዶ በዚያ ወደብ ይጫን ነበር። በጎሬም ግሪኮችና ሶርያውያን ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተው ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ በኋላ ሐኪሞች፥ መምህራንና መሐንዲሶች መጡ። የፊተኞቹ በበቅሎ መጡ፤ የኋለኞቹ በመኪና። በቅሎ መንገዱን ራሷ ታውቃለች፤ መኪና ግን የሚያውቀው ነጂው ያወቀውን ብቻ ነው። እንግዳነት በመንገድ ላይ ከባድ ነገር የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ነገር ግን ስለ እንግዳው ከመፍረዳችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። መኪና ራሱ በአገራችን እንግዳ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ በበረሃና በተራራ አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ባሳየ ጊዜ፥ በዚህች አገር መኪና መንዳት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የኋላ ሾፌሮቻችንም ሙያውን ከባዕድ ተምረው ቃሉንም አብረው ወሰዱ። ሾፌር ያልነው ከፈረንሳዮች ነው። ጎማ፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ በዳገት ላይ ከጎማ ሥር የምትገባዋም ታኮ ከኢጣልያኖች የተወሰዱ ናቸው። እንግዲህ መማር የሚያሳፍር ቢሆን ኖሮ አንድም ኢትዮጵያዊ ሾፌር ባልኖረ ነበር። ዛሬ አንድ ፈረንጅ በመቱ መንገድ ላይ ሲደናገር አይቶ የሚስቅ ወጣት፥ አያቱ በዚያው መሪ ፊት እንዴት ተደናግሮ እንደ ነበር ይዘንጋ ዘንድ አይገባውም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። በመንገድ ላይ ካሉት ሕጎች ሁሉ የመጀመሪያውና ትልቁ፥ «በየትኛው ወገን ልሂድ?» የሚለው ነው። አገራችን ቀድሞ በግራ በኩል ትነዳ ነበር፤ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተዛወረች። ስዊድንም እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1967 ሊነጋ ሲል፥ በአገሩ ያለው መኪና ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግሮ ጉዞውን ቀጠለ። ይህ ከመሆኑ ከ12 ዓመት በፊት ሕዝቡ ተጠይቆ ከመቶው ሰማንያ የሚበልጠው እጅ «አንፈልግም» ብሎ ነበር። ሆኖም ቀኑ በደረሰ ጊዜ ያልወደደውም ከወደደው ጋራ እኩል ተሻገረ። ጎረቤታችን ሱዳንም እ.ኤ.አ. በ1973 እንዲሁ አድርጋለች። ኬንያ ግን እስከ ዛሬ በግራ ናት። ስለዚህ በሞያሌ ኬላውን የሚሻገር ሾፌር በአንዲት ከተማ ውስጥ፥ በአንድ ፀሐይ ሥር፥ ከወገን ወደ ወገን ይለወጣል። ከኬላው ወዲህ ትክክል የነበረው ከኬላው ወዲያ ሰው የሚገድል ይሆናል።

ታዲያ በግራ መንዳት ኃጢአት ነውን? በቀኝስ መንዳት ጽድቅ ነውን? ሁለቱም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 በጄኔቫ ስለ መንገድ ጉዞ የተስማሙት መንግሥታት በውላቸው የጻፉት «ቀኝ ያዙ» ብለው ወይም «ግራ ያዙ» ብለው አይደለም፤ በአንድ አገር ውስጥ ሁሉም አንዱን ወገን ይያዝ ብለው ነው እንጂ። የጥንቱ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ከባሕርይ የሆነውን ትክክልና ሰዎች ተስማምተው ያቆሙትን ትክክል ለይቶ አስተምሯል። የቀኝና የግራ ነገር ከሁለተኛው ወገን ነው። እኛ በቀኝ ብንነዳም በግራ ብንነዳም ባሮ ወደ ምዕራብ መፍሰሱን አይተውም።

ነገር ግን ልብ እንበል። ስምምነት ብቻ የሆነ ነገር፥ አንድ ጊዜ ከቆመ በኋላ፥ ስምምነት ብቻ ሆኖ አይቀርም። በተራራው መዞሪያ ማዶ ያለው ሾፌር የእኔን ፊት አላየም፤ ስሜንም አያውቅም። ነገር ግን በወገኔ እንደምመጣ አምኖ በወገኑ ይመጣል። ሕይወቱን በእኔ እጅ አኑሮ ነው የሚነዳው። ይህን እምነት ያፈረሰ ሰው የጣሰው የቀለም መሥመር አይደለም፥ የሰውን አደራ ነው። ስለዚህ እንግዳ የሆነ ሰው «በአገሬ እንዲህ አልነበረም» ብሎ ሊከራከርበት የማይገባው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። በዚህ ነገር የአገሩን ሕግ ያለ ክርክርና ያለ ማጉረምረም ሊቀበል ይገባዋል። ሕጉ ከእርሱ አገር ሕግ ስለሚበልጥ አይደለም፤ የማያውቃቸው ሰዎች ስለ ታመኑበት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ትምህርት በመጽሐፍ አይገኝም። ይህንን የተረዳሁት በ1978 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ፥ የውሃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ወደ ኢሉባቦር ለመጣ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ በአስተርጓሚነት ስሠራ ነው። ሰውየው በአገሩ ሠላሳ ዓመት የነዳ፥ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው ነበር። የሚሠራበት ድርጅት አንድ የአገሩን መንገድ የሚያውቁ ሽማግሌ ሾፌር መድቦለት ነበር። ሁላችንም በአገሩ አክብሮት «ኦቦ» እያልን እንጠራቸው ነበር። በወጣትነታቸው ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይዘው ከመቱ እስከ አዲስ አበባ ቡና ያመላልሱ የነበሩ ሰው ናቸው።

መሐንዲሱ በመጀመሪያው ቀን መሪውን ራሱ ያዘ። ያን ጊዜ መንገዱ ጠጠርና ቀይ ጭቃ ነበር። ኢሉባቦር በኢትዮጵያ ውስጥ ዝናብ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዱ ስለ ሆነ፥ በጎሬ አጠገብ ጉሙ አንዳንድ ጊዜ እስከ ቀትር ድረስ ከመንገዱ አይነሣም። ሽማግሌው በአጠገቡ ተቀምጠው በየመዞሪያው «ክላክስ ንፋ» ይሉታል፤ እርሱ ግን ዝም ብሎ ያልፋል። በሦስተኛው መዞሪያ ምክንያቱን ጠየቁት። እርሱም በእኔ አስተርጓሚነት፥ «በአገራችን ክላክስ መንፋት ሰውን መሳደብ ነው» አለ። ኦቦም፥ «በእኛ አገር ደግሞ ሳይጣሩ ሰው ግቢ መግባት ነውር ነው። ይህ መንገድ ለነዚህ ሰዎች ግቢያቸው ነው፤ ልጆቻቸው ይጫወቱበታል፥ ከብታቸውን ይነዱበታል። እርስዎም ሲገቡ ይጣሩ» ብለው መለሱለት። መሐንዲሱ ይህን ሲሰማ ጥቂት አሰበና ክላክሱን ነፋ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይማር ጀመር። በመንገድ መካከል ቅጠል ያለበት ቅርንጫፍ ተጥሎ ሲያይ ነፋስ የጣለው መስሎት ነበር፤ ከወዲያ የተበላሸ መኪና ቆሞአልና ቀስ በል የሚል ምልክት መሆኑን ተማረ። በኅዳርና በታኅሣሥ በመንገዱ ዳር በሰሌን ላይ የተሰጣው ቡና የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ልብስና የልጆች ትምህርት እንደ ሆነ ተማረ። በገበያ ቀን አህያ ከጭነቷ ጋራ በድንገት እንደምትዞር፥ በሬ ግን ከጀመረው አቅጣጫ እንደማይመለስ ተማረ። ቀብር የሚሄድ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ ሲመጣ ሞተር አጥፍቶ መቆምን ተማረ። ከሁሉ አስቀድሞ የተማራት የኦሮምኛ ቃል «ሱታ» የምትለዋ ናት፤ ቀስ ማለት ነው። የእኛም ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይል የለምን?

እነዚህን ነገሮች ሁሉ የትራፊክ ፖሊስ አይጠይቅባቸውም፥ በመንጃ ፈቃድ ፈተናም አይገኙም። ቢሆንም ያለ እነርሱ የሚነዳ ሰው ሕግ ሳይጥስ ብዙ ሰው ሊጎዳ ይችላል። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው ለዚህ ነው። እንግዳ ይህን ዕውቀት የሚያገኘው በመጠየቅ ብቻ ነው፤ ለመጠየቅም አላዋቂነቱን መሸከም አለበት። በአገሩ አዋቂ ለነበረ ሰው ደግሞ ይህ ከሸክም ሁሉ ይከብዳል።

ይሁን እንጂ የአገር ልማድ ሁሉ ሊማሩት የሚገባ ነው ማለት አይደለም። ከጎሬ በቡሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ ከ2000 ሜትር ያህል ከፍታ ወደ 500 ሜትር ገደማ የሚያወርድ ታላቅ ቁልቁለት ነው። በዚያን ዘመን ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርገው መኪናውን በገዛ ክብደቱ የሚያንከባልሉ ሾፌሮች ነበሩ። ኦቦም ለዘብ ባለው ቁልቁለት ላይ ይህን ያደርጉ ነበር። አንድ ቀን ሲያደርጉት መሐንዲሱ አየ። በአክብሮትም እንዲህ አላቸው፦ «መንገዱን እርስዎ አስተማሩኝ፤ ይህችን አንዲት ነገር ደግሞ እኔ ልንገርዎ። ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ማርሹ ሲወጣ ግን ክብደቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ይግላል፤ እጅግ ሲግልም መያዙን ይተዋል።» ሽማግሌው ለጊዜው አልመለሱለትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በዚያ መኪና ላይ ማርሽ አውጥተው ሲወርዱ አላየሁም። ያው መንገድ በአንደኛው ቀን እንግዳውን፥ በሌላው ቀን ባለ አገሩን ተማሪ አደረገ። የተፈጥሮ ሕግ የሰውን አገር አይጠይቅምና፥ ፍሬን በጋምቤላ ቁልቁለት የሚግለው በስዊስ ተራራ እንደሚግለው ነው።

ሦስተኛው ነገር ከሁለቱ ይከብዳል። መሐንዲሱ የተቀጠረበት ድርጅት የድርጅቱ ሠራተኛ ያልሆነን ሰው በመኪና መጫን የሚከለክል ደንብ ነበረው። ደንቡ የክፋት ደንብ አልነበረም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፥ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፥ ኃላፊ ያደርገዋል። ድርጅቱም ይህን በመፍራት ነበር የከለከለው። አንድ ማታ ከሁሩሙ ወደ መቱ ስንመለስ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች በዝናብ ውስጥ አገኙን። ባሏ መብራታችን ፊት ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋ።

መሐንዲሱ መኪናውን አቆመ፥ ነገር ግን አልወረደም። «ደንቡን ታውቃላችሁ» አለን። ኦቦ ደንቡን ያውቁ ነበር፤ ግን በሩን ከፍተው ወረዱና የኋላውን ዕቃ ያወርዱ ጀመር። በዕቃው መካከል ሆነው፥ «ሚስተር፥ ይህ የእኛ አገር ልማድ ነው ብዬ አልነግርዎትም። በእርስዎ አገርስ ቢሆን ምን ይደረግ ነበር?» አሉት። እኔም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምሁለት። እርሱም ከመኪናው ወርዶ ቃሬዛውን በአንድ ወገን ያዘ።

ሴቲቱን ሐኪም ቤት አደረስናት። እናቲቱ ዳነች፤ ሕፃኑ ግን አልዳነም። ይህን የምጽፈው ሥራው ትክክል መሆኑ በውጤቱ እንዳይለካ ነው፤ ሁለቱም ባይድኑ ኖሮ እንኳ ማንሣቱ ትክክል በሆነ ነበር። መሐንዲሱ በዚያው ሌሊት ደንብ መተላለፉን ራሱ ለድርጅቱ ጽፎ አስታወቀ። የወቀሳ ደብዳቤም መጣለት፤ ያለ ክርክር ተቀብሎ በመዝገቡ አኖረው፥ ሥራውንም ቀጠለ። አንባቢዬ ይህን የመጨረሻ ነገር ልብ እንዲለው እወዳለሁ። ሕሊና ከደንብ ጋራ በተጋጨ ጊዜ ሕሊናውን የተከተለ ሰው ደንቡን በስውር ሲረግጥ ከተገኘ፥ ነገ ለምቾቱም ሲል ያንኑ ያደርጋል። በግልጽ አድርጎ ዋጋውን የከፈለ ግን ደንቡንም ሕሊናውንም አክብሯል። ደግሞም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን፥ በከባድ አደጋ ውስጥ ያለን ሰው በራሱ ላይ አደጋ ሳያመጣ ሊረዳው ሲችል ሆነ ብሎ የተወውን ይቀጣል። የጀርመንም ሕግ እንዲሁ ይቀጣል። የአገር ሕጎች በቀኝና በግራ ይለያያሉ፤ በቃሬዛው ፊት ግን ይገናኛሉ።

እስከ አሁን የተናገርሁት ወደ እኛ ስለሚመጣ እንግዳ ነው። ወደ ሰው አገር ስለሚሄደው የእኛ ሰውም ጥቂት ልናገር። በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች መሆናቸው የታወቀ ነው። በለንደን የሚኖር ቀድሞ ያስተማርሁት ሰው በላከልኝ ደብዳቤ፥ በኢሉባቦር የቡና መኪና ሃያ ዓመት የነዳ ሆኖ ሳለ በዚያ አገር እንደ አዲስ መማር እንደ ተገደደ ጽፎልኛል። በብሪታንያ ሕግ የእኛን አገር መንጃ ፈቃድ የያዘ ነዋሪ 12 ወር ያህል ብቻ ይነዳበታል፤ ከዚያ በኋላ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ማለፍ አለበት። ተማሪ መሆኑን ለሁሉ የምታስታውቅ «ኤል» የምትባል ቀይ ፊደል በመኪናው ፊትና ኋላ ይለጠፋል። «መምህር፥ ሽበቴን ይዤ እንደ ሕፃን ፊደል ለጠፉብኝ» ብሎ ነበር የጻፈልኝ።

በመጀመሪያው ፈተና ወደቀ። ከወደቀባቸው ነገሮች አንዱ ተራው የእርሱ ሆኖ ሳለ በደግነት ቆሞ ሌሎችን ማሳለፉ ነው። በዚያ አገር ያለ ምክንያት ማመንታት እንደ ጥፋት ይቆጠራል። በዚህ እጅግ አዘነ፤ «ጨዋነትም ያስቀጣልን?» አለ። እኔም ብዙ ጊዜ አስቤበት የመለስሁለት ይህ ነው፦ እያንዳንዱ በተራው በሚሄድበት አገር፥ የሚጠበቀውን ማድረግ ራሱ ደግነት ነው። ከኋላህ ያለው ሰው ትሄዳለህ ብሎ አምኖ ይከተልሃል፤ አንተ ግን በሌላ ሰው ላይ ደግ ስትሆን በእርሱ ላይ አደጋ ታመጣለህ። በእኛ መንገድ ዓይን ለዓይን ተያይተን፥ እጅ አንሥተን፥ ተሳስቀን እንተላለፋለን፤ በዚያ መንገድ የሚተያየው ዓይን አይደለም፥ ምልክቱ ነው። አንዱ ጨዋነት ሌላው ጭካኔ አይደለም፤ ጨዋነት በሁለት ቋንቋ ሲነገር ነው። በሁለተኛው ፈተና አለፈ።

ይኸው ሰው ሌላም ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር። «እኩለ ሌሊት ላይ፥ ሰውም መኪናም በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ቀይ መብራት ስለ በራ ብቻ ለምን እቆማለሁ? ማንን እጎዳለሁ?» የሚል ነው። እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ጥያቄ ከባለ አገሩ ይልቅ አጥብቆ ይጠይቃል፤ ሕጉ በልጅነቱ ከደሙ ጋራ አልተዋሐደምና። እኔ የምሰጠው ምላሽ እንዲህ ነው። መንገዱ ባዶ መሆኑን የሚፈርደው የአንተ ዓይን ነው። ያ ዓይን ደግሞ ደክሞታል፥ ቸኩሏል፥ ቤቱን ናፍቋል። በጨለማ ጥቁር ልብስ ለብሶ የሚሻገር ሰው መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ምልክቱ ካልሆነ ያ የደከመ ዓይን ነው ማለት ነው። የሚቆም ሰው «ዓይኔ ሊሳሳት ይችላል» ብሎ የሚያምን ሰው ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ግን የሚለቀምበት ጊዜ አለ፥ የማይለቀምበትም ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ወጣት፥ «እንግዲያው ወገን ከአገር አገር ከተለያየ፥ ጨዋነትም ከተለያየ፥ በጎና ክፉ የሚባለውም ሁሉ የአገር ልማድ ነው ማለት ነውን?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰዎችም ከአገራቸው ወጥተው የሚጠፉት በዚህ ጥያቄ ላይ ተሰናክለው ነው። በአገራቸው ትክክል የመሰላቸው ብዙ ነገር በሌላ አገር ተለውጦ ሲያዩ፥ ምንም ጽኑ ነገር የለም ብለው ሕሊናቸውን ከአሮጌ ሻንጣቸው ጋራ ይጥሉታል።

ለዚህ አንድ ቀላል መመርመሪያ አለኝ። ነገሩን ገልብጠህ፥ ሁሉም ሰው በአንድነት እንዲህ ቢያደርግ ብለህ አስብ። ሁሉም በአንድነት በግራ ቢነዳ ማን ይጎዳል? ማንም አይጎዳም፤ ስለዚህ ቀኝና ግራ ስምምነት ነው። ሁሉም በአንድነት ክላክስ መንፋት ቢተውና መንገዱ ሁሉ ሰፊና ቀጥ ያለ ቢሆን ማን ይጎዳል? ማንም አይጎዳም፤ ስለዚህ ክላክስ የሥፍራና የኑሮ ነገር ነው፥ ሥፍራው ሲለወጥ ይለወጣል። ሁሉም በአንድነት ቃሬዛውን ጥሎ ቢያልፍስ? ሴቲቱ ትሞታለች። ጥለው የሚያልፉት ሰዎች ቢበዙ፥ ልማድ ቢያደርጉት፥ በሕግም ቢጽፉት፥ የሴቲቱ ሞት ከመሞት አይጎድልም። እንግዲህ ይህ ስምምነት አይደለም። ስምምነቶችም ሁሉ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከዚህ ነው፤ ወገን መጠበቅ ግዴታ የሆነው ቀለሙ ስለ ተቀባ አይደለም፥ በማዶ የሚመጣው ሰው ስለ ሆነ ነው።

ስለዚህ በሰው አገር ሁለት ዓይነት ሰው ይሳሳታል። ትዕቢተኛው የአገሩን ቀኝና ግራ ሕሊና ነው ብሎ ይይዘዋል፤ በሁሉ ነገር «እኛ ዘንድ እንዲህ ነው» እያለ ባለ አገሩን ይንቃል። አድርባዩ ደግሞ ሕሊናውን ቀኝና ግራ ያደርገዋል፤ «እዚህ እንዲህ ነው» እያለ ከሁሉ ጋራ ይለወጣል። የፊተኛው መማር ያለበትን አይማርም፤ የኋለኛው መማር የሌለበትን ይማራል። ጥሩ እንግዳ የሚባለው ግን ወገኑን ሳያቅማማ የሚለውጥ፥ የሥፍራውን ጥበብ ከሽማግሌና ከእረኛ የሚጠይቅ፥ በቃሬዛው ፊት ግን አገር ሳይለይ የሚቆም ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህ ሁሉ ለፈረንጅና ለስደተኛ ብቻ የተነገረ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ በመቱ ባጃጁ በዝቷል፥ አስፋልቱ ተዘርግቷል፥ ዩኒቨርሲቲውም ከየአገሩ ወጣቶችን ይቀበላል። ከእናንተም መካከል ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ዓረብ አገር፥ ወደ አሜሪካም የሚሄድ ይኖራል። ነገር ግን ከቤቱ ሳይወጣ በኢሉባቦር መሪ የያዘ ሰው ሁሉ እንግዳ መሆኑን ይወቅ። ይህ አገር ከመኪና በፊት የእግረኛ አገር ነበር፤ ዛሬም በመንገዱ ላይ ከሚነዳው ይልቅ በእግሩ የሚሄደው ይበዛል። እንጨት የተሸከመችው እናት፥ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን፥ ቡና ጭኖ ወደ ገበያ የሚወርደው ገበሬ ባለ አገሮች ናቸው። መንጃ ፈቃድም በሰው ግቢ ለማለፍ የተሰጠ ፈቃድ ነውና፥ መሪ የያዘ ሁሉ ሲገባ ይጣራ፥ ሲያልፍም ቀስ ይበል፤ በወደቀ ሰው ፊት ግን ይቁም።